መቀሴን አላውስም

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ደሴን ጭጋግ ውጧታል፤ ጦሳ ተራራ ከነአካቴው የለም። ቡናው ገና አልፈላም። በሩ ተንኳኳ። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሰባት ነው፣ ወሬዋ ግን የአርባ ዓመት ሴት ወሬ ነው።

«እትዬ፣ እማዬ መቀስ አውሺኝ ትልሻለች።»

«ለምን ፈለገችው?»

«እንጃ። ካርቶን ልትቆርጥበት መሰለኝ።»

ከመሳቢያው ቀይ እጀታ ያላትን ትንሿን መቀስ አወጣሁላት። ተቀበለችኝ፣ ገለባበጠቻት። ከዚያ ከስፌት መኪናው በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ትልቁን መቀስ በአገጯ አሳየችኝ።

«ያኛው አይሻልም?»

«እሱ አይዋስም።»

እኛ ዘንድ ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም። ሰፈራችን ሆጤ ነው። ስኳር እንዋዋሳለን፣ ወንፊት እንዋዋሳለን፣ ምጣድ ከቤት ቤት ይዞራል። ድግስ ካለማ ሳህኑ የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ይቀላቀላል። «የለኝም» ማለት ይቻላል። «አለኝ፣ ግን አልሰጥም» ማለት ግን ነውር ነው። እናቴ እንዲህ ስል በሰማችኝ ቁጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጎትታለች። «እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩሽም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ንፉግ ያደረገኝ ስፌት ነው።

መቀሱ ባለ 10 ኢንች ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጥቁር እጀታ አለው፣ ከበድ ይላል። እናቴ ፒያሳ ነው የገዛችው፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ። እጀታው ወደ ላይ ቀና ብሎ የተሠራ ስለሆነ የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ይሄዳል። ይህ ለማማር አይደለም። ተራው የቤት መቀስ ሲቆርጥ ጨርቁን ከጠረጴዛው ያነሳዋል። ጨርቁ ሲነሳ ይንሸራተታል። ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ የቆረጣችሁት ቀሚስ ሲዘረጋ አንዱ ጎን ከሌላው በጣት በልጦ ይገኛል። ያኔ ጥፋቱን በልኬታችሁ ታሳብባላችሁ እንጂ መቀሱን ማንም አይጠረጥረውም።

መቀስ ስትገዙ ሻጩ ወረቀት ቆርጦ ያሳያችኋል። አትመኑት። ወረቀት ማንኛውም መቀስ ይቆርጣል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ስስ የነጠላ ቁራጭ ይዤ ነው የምሄደው። ከመቀሱ ሥር ጀምሬ እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ እቆርጥበታለሁ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጨርቁን አጥፎ ከነከሰው እመልሳለሁ። ቀጥሎ ባዶውን ከፈት ዘጋ እያደረግኩ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ጥሩ መቀስ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ድምፅ አለው። የሆነ ቦታ ላይ ቀጭ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ስለቱ ቆስሏል። ሻጮቹ ይስቁብኛል። ለምጄዋለሁ።

ሰው ሁሉ «ወረቀት ምን ያደርገዋል?» ይለኛል። ወረቀት ሲመረት ነጭና ለስላሳ እንዲሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ነጭ ሸክላ ይገባበታል። ስለዚህ ወረቀት ስትቆርጡ ስለቱን በደቀቀ ድንጋይ እያሻችሁት ነው ማለት ነው። ጨርቅ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ያ ስል ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላል። ካርቶን ደግሞ ከነአቧራው ነው። የጎረቤቴ ካርቶን እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው።

ወደ ንፉግነቴ ልመለስ። አንድ ክረምት ወንድሜ በዚህ መቀስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላጠበት። ስለቱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉድለት ቀረች። ቢላ ወደሚስል ሰው ወሰድኩት። ሰውዬው ድንጋዩን አሽከረከረው፣ ብልጭታው ተረጨ፣ ሁለቱንም ስለት ከውጭም ከውስጥም አብለጨለጨልኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ነጠላ ብቆርጥበት ጨርቁን በሁለቱ ስለት መሃል አጥፎ ቁጭ አለ። ቅቤ እንኳ የሚቆርጥ አይመስልም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። መቀሱን አሳየኋቸው። ወደ ብርሃን አንስተው በሁለቱ ስለት መሃል አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማነው ውስጡን የሳለው?»

ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ መቀስና ቢላ ዘመድ አይደሉም። ቢላ ብቻውን ይቆርጣል። መቀስ ግን ሁለቱ ካልተሳሳሙ አይቆርጥም።»

ከዚያ አስረዱኝ። የመቀስ ስለት ሁለት ፊት አለው። የውጪው ሰያፍ ነው፤ የሚሳለው እሱ ብቻ ነው። የውስጡ ፊት አይነካም። ሁለቱ ስለቶች ሲዘጉ በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ይነካካሉ፤ ያቺ ነጥብ ከሥር እስከ ጫፍ ትጓዛለች። ቆራጯ እሷ ናት። ውስጡ ሲሞረድ በመሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ጨርቁም በዚያ ሾልኮ ይታጠፋል።

«አብሽሪ» አሉኝና ተቀበሉኝ። ሳምንት አቆዩት። ሲመልሱልኝ ብሎኑንም አስተካክለውት ነበር። አንዱን እጀታ ይዘው ሌላውን ከፍ አድርገው ለቀቁት። ቀስ ብሎ ወርዶ መንገድ ላይ ቆመ። «እንዲህ ነው» አሉ። ጧ ብሎ ከተዘጋ ብሎኑ ላልቷል፤ እንደተከፈተ ከቀረ ጠብቋል። ብሎኑ ሥር በወር አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ። ሌላ አይፈልግም። ጫፉ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ትነክሳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። አይዋስም።

ስለ ዘይት ካነሳሁ የራሴን ጉድ ልናገር። እናቴ የስፌት መኪናዋን «ሲንጀሬ» ነው የምትለው። ሲንጀር አይደለችም፤ የቻይና ቢራቢሮ ናት። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር ፈጠራውን ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ቤት ግን ጥቁር ሆኖ የእግር መርገጫ ያለው ሁሉ ሲንጀር ነው። አንድ ቀን መኪናዋ ትጮህ ጀመር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የመኪና ዘይት ጠርሙሷ ባዶ ናት። ወጥ ቤት ገባሁና የኑግ ዘይት ይዤ መጣሁ። ባገኘሁት ቀዳዳ ሁሉ አንጠባጠብኩ። ጩኸቷ እልም አለ። እናቴ መረቀችኝ።

ከዚያ ክረምቱን ሳትነካ ቆየች። መስከረም ላይ እናቴ ልትሰፋ ተቀመጠች፤ እግሯን ብትጫን መዘውሩ አልንቀሳቀስ አለ። ገልጠን ብናይ ውስጡ ሁሉ እንደ ማር የቀላ፣ ጥፍር የማይፍቀው ነገር ተለብዷል። ኑግ እንደ ተልባ ነው፤ ዘይቱ አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ሠዓሊዎች ቀለም በተልባ ዘይት የሚለውሱት እኮ እንዲደርቅላቸው ነው። እኔ የእናቴን መኪና ቀለም ቀብቻታለሁ ማለት ነው።

ያዳናት ላምባ ነው። መካኒኩ በብሩሽ እየቀባ አሳደራት፤ በማግስቱ መዘውሩን በእጁ ወዲህ ወዲያ እያለ ቀስ አድርጎ አላቀቀው። ከዚያ ትክክለኛው የስፌት መኪና ዘይት ተጨመረላት፤ ቀጭን ነው፣ እንደ ውሃ የጠራ። በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ስፉ፣ የተረፈው እዚያ ይውጣ። አለበለዚያ የመጀመሪያው ጠብታ የሰው ነጭ ቀሚስ ላይ ያርፋል። ይህንንም በራሴ አይቼዋለሁ፤ ዝርዝሩ ይቅር።

የደሴን ብርድ የማያውቅ ሰው አያምነኝም እንጂ ሐምሌ ጠዋት መኪናዋም ትበርዳለች። ዘይቱ ይወፍርና መርገጫው ይከብዳል። ክር ሳላስገባ፣ የጨርቅ መጫኛውን አንስቼ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ እረግጣለሁ። እግሬም ይሞቃል። የቆዳው ቺንጋ በክረምት ይላላል፤ የጥፍር ስፋት ያህል ቆርጬ በሽቦው መልሼ አያይዘዋለሁ። ቺንጋው ላይ ዘይት እንዳይነካ ግን፤ ይንሸራተታል። ጨርቁን ከሚስቡት ጥርሶች ሥር የሚጠራቀመውን የክር ብናኝ ደግሞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የማወጣው። እፍ አልልም። እፍታ እርጥብ ነው፤ ብናኙን ወደ ውስጥ ከመግፋት አልፎ ብረቱን ያዝገዋል።

አሁን ወደ መርፌ። በእኔ ቤት ከሁሉ የረከሰው ዕቃ መርፌ ነው፣ ከሁሉ የበለጠ ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

ኮምቦልቻ ያለች የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነበር። የሚዜዎቹን ቀሚስ እኔ ልሰፋ ቃል ገባሁ። ጨርቁ የሚለጠጥ ዓይነት ነው። መኪናዋ ትዘላለች፤ አራት ስፌት ትሰፋና አንዱን ትተዋለች። የክር ማጥበቂያውን አጠበቅኩ፣ አላላሁ፣ ጥቅልሉን ቀየርኩ፣ ጸለይኩ። ሠርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል። በመጨረሻ የመኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ነቅዬ በነጠላ ጠቀለልኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ብረት ጭኔ ላይ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሹራቤን ላውልቅ ብል መኪናዋን የት ላስቀምጣት? በላብ ተጠምቄ ደረስኩ።

መካኒኩ ወጣት ነው። ካቻቢቴ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ መርፌዋን ነቀለ። ጫፏን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጎተታት። ነጭ ጭረት ቀረ።

«እህቴ፣ ይቺ መርፌ ስንት ጊዜዋ ነው?»

መቼ እንደገባች አላስታውስም። እውነቱን ለመናገር መርፌ የሚቀየረው ሲሰበር ይመስለኝ ነበር።

ጫፏ ታጥፏል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሯ 100 ነው፣ ለጂንስ የሚሆን። እሱ ጫፏ ሹል ሳይሆን ድብልብል ያለች ባለ 80 አስገባ። የሚለጠጥ ጨርቅ በክር ቀለበት የተጠላለፈ ነው፤ ሹል መርፌ ክሩን ይወጋዋል፣ ድብልቧ ግን ገፋ አድርጋ በመሃሉ ታልፋለች። አንዴ ረገጠ። ስፌቱ እንደ ጠጠር ተደረደረ። የአንዲት መርፌ ዋጋ ተቀበለኝ። ያንን ብረት ተሸክሜ ሐረጎን መልሼ ወጣሁ። በማግስቱ ክንዴን ማንሳት አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ነው ቁጥሩን ማንበብ የተማርኩት። ፓኬቱ ላይ 90/14 ሲል 90 ውፍረቱ ነው፤ 0.9 ሚሊ ሜትር። 14 የድሮው የሲንጀር አቆጣጠር ነው። 70 ለስስ ጨርቅ፣ 80 እና 90 ለአቡጀዲና ለተራ ጥጥ፣ 100 ከዚያም በላይ ለጂንስና ለሸራ። ባለሙያዎች ስምንት ሰዓት ያህል ከተሰፋበት ይቀየር ይላሉ። እኔ ሰዓት አልቆጥርም፤ ለአንድ ሙሉ ቀሚስ አንድ መርፌ አልኩና ተገላገልኩ። ያረጀችውን አልጥላትም። አናቷን ጥፍር ቀለም ቀብቼ ለጆንያና ለመጋረጃ አስቀምጣታለሁ።

አንዳንድ ሱቅ መርፌ ከፓኬት ወጥቶ በላስቲክ ይሸጣል። ቁጥሩ አናቱ ላይ ተቀርጿል፣ ግን በዓይን አይነበብም። ስልካችሁን አውጡ፣ ካሜራውን አቅርቡ፣ አጉሉት። ይታያል። አናቱንም እዩ። የቤት መኪና መርፌ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ የፋብሪካው ድፍን ክብ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። ስታስገቡ ደግሞ ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን ይዙር። ተገልብጦ የገባ መርፌ አንድም ስፌት አይሰፋም፤ መኪናዋን ተሸክማችሁ ሐረጎን ትወርዳላችሁ።

ጭጋጋችን ለመርፌ ጠላት ነው። ብረት አንድ ክረምት ከቆየ ይዝጋል። እናቴ ለዚህ ያላት መላ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ያልታጠበ የበግ ጠጉር ድቡልቡል አድርጋ በጨርቅ ሰፍታ መርፌዎቿን እዚያ ትሰካለች። ጠጉሩ የበጉ የራሱ ቅባት አለው፤ መርፌው በገባ በወጣ ቁጥር ይቀባል። ትንሽ በግ በግ ይሸታል። የእኔ ቆንጆ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያሉት ግን ዝገዋል።

ክር ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዙ፤ ከኋላ መደርደሪያ አውጡልኝ በሉ። አንድ ክንድ ያህል ጎትታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ፀጉር ፀጉር ካለው ብናኙ መኪናው ውስጥ ይቀራል። ጥጥ ነው ካሏችሁና ካላመናችሁ ጫፉን ለኩሱት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ቀለሙን የሱቁ በር ላይ ወጥታችሁ አስተያዩ፤ የሱቅ አምፖል ያታልላል። ልኩ ከጠፋ ደመቅ ሳይሆን ጠቆር ያለውን ውሰዱ፤ ስፌት ላይ ሲገባ ይጠፋል።

የሀገር ባህል ልብስ ግን የራሱ ነገር አለው። ሸማ ላላ ብሎ የተሠራ ስለሆነ መቀስ ሲነካው ይተረተራል። የመጀመሪያ ቀሚሴን ስቆርጥ ጠርዙ እጄ ላይ ፈርሶ ጥለቱ ለብቻው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል? አሁን የምቆርጥበትን መስመር በደረቀች የሳሙና ቁራጭ አሰምርና ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ እሰፋለሁ። ከዚያ በመሃል እቆርጣለሁ። ሳሙናዋ ነጭ ትሁን፣ ስስ ትሁን፣ ከጠመኔ ትበልጣለች፤ ስትታጠብ ትለቃለች። እስኪርቢቶ የተጠቀመ ሰው ግን ከሸማኔው ጋር ይነጋገር።

ሜትሬን አንድ ጊዜ ከብረት ሜትር ጎን ዘርግቼ አየሁት። 150 ሴንቲ ሜትር የሚለው የጨርቅ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተለጥጧል። ስንት ሰው ቀሚስ አጥብቤ ይሆን! ጣልኩት።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ስንወጣ የያዝነው በእጅ የሚያዝ ብቻ ነው። ጥድፊያ ነው። ምን እንደማነሳ አላውቅም ነበር። መንገድ ላይ እናቴ ቦርሳዬን ስትከፍት መቀሱን አገኘችው፣ በነጠላ ተጠቅልሎ።

«መቀስ ይዘሽ ዳቦ ረሳሽ?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ስንመለስ የመኪናዋ ጠረጴዛ ተገልብጦ፣ መሳቢያው ተዘርግፎ፣ የመርፌ ፓኬቶቹ የሉም። የመኪናዋ ራስ ግን ነበረች። ዝጋለች። ላምባውን አውጥተን ቁጭ አልን። የበግ ጠጉሯ ድቡልቡል አልጋ ሥር ተንከባልላ ነበር፤ ውስጧ ያሉት ሰባት መርፌዎች እንዳሉ ናቸው፣ አንድም አልዛገም።

ቅዳሜ ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ልጅቷ ቀይዋን መቀስ ይዛ ሄደች። እናቷ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ስንጠጣ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። ልጅቷ ግን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ምስማሩን ታያለች።

ማምሻውን ከሱቅ ስመለስ ወጥ ቤት የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ ከየትም አውቀዋለሁ። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀጭ። ገባሁ። እናቴ በትልቁ መቀስ የመኮሮኒ ላስቲክ እየከፈተች ነው።

«እማዬ!»

ቀና እንኳ አላለችም።

«የገዛሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ጨርሳ በቀሚሷ ጠርጋ አቀበለችኝ። ብሎኑ ሥር አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጌ መልሼ ሰቀልኩት።